ደሜ ስቅታ ይዞታል

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እኔ ነዒማ አወል፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የጅማ ጊንጆ ሰፈር ነዋሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ (እማዬ በዚህኛው ላይ ትከራከር ይሆናል) የሚከተለውን አምናለሁ፦ የእህቴን ፓምፕ ያለፈቃድ አብርቻለሁ። ሁለት ጊዜ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ አውፍ ተባብለን እንጨርሰው ነበር። አላበቃም። በጥድፊያ ነው የምጽፈው። በፊደሌ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ግቢያቸው መብራት እየጠፋ አስቸገራት፤ እኛ ቤት ደግሞ ከአባዬ ከባድ መኪና የቀረ ትልቅ ባትሪ አለ። አስፈቅዳ ዕቃዋን ወደ ቤት አመጣች። የእንግዳ ክፍላችን አሁን ላቦራቶሪ ነው የሚባለው። ሃጂ ከማል፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ ከገጠር፣ ከየቡ ሲመጡ የሚተኙባት ፍራሽ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

ዕቃው ይህን ይመስላል። ቺፑ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥርት ያለች ላስቲክ ናት፣ መስታወት ላይ ተለጥፋለች። ውስጧ ከፀጉር ብዙ የማይወፍር ቦይ አለ። ፓምፑ በሚሽከረከሩ ጣቶቹ ቱቦ እየጨመቀ ፈሳሹን በቦዩ ውስጥ ይስባል። በሁለቱ መሃል አየር ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አለች፤ ሰሚራ "ሮቶ" ብላ ስም አውጥታላታለች፣ ጓሯችን ካለው የውሃ ሮቶ ጋር ምን እንደሚያዛምዳት እንጃ። ማይክሮስኮፑ ደግሞ ሁሉንም እያጎላ ላፕቶፕ ላይ ያሳያል።

የሰሚራ ጣጣ ስቅታ ነው። ፓምፑ ጣቱን ባነሣ ቁጥር ፈሳሹ እንቅ ይላል። መጀመሪያ ያንን ስቅታ መግደል አለባት። ከዚያ በፕሮግራሟ የፈለገችውን ትርታ ትሰጠዋለች፤ ቢያሻት የጤነኛ ልብ፣ ቢያሻት የታመመ ልብ።

ለምን የልብ ትርታ? በአባዬ ምክንያት ነዋ። ሐኪሙ ያኔ እንዲህ ነበር ያስረዳን፦ የልቡ ትርታ ተዛባ፣ ደሙ ቆም ቆም ማለት አበዛ፣ የቆመው ረጋ፣ የረጋው ወደ ጭንቅላቱ ሄደ። ቀኝ እጁና አንደበቱ በዚያው ቀሩ። ቡና ጭኖ ከጅማ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ ሰው አሁን መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነው የሚውለው።

ዛሬ ከሰዓት ሰሚራ አማካሪዋ ዘንድ ሄደች። እማዬ የጅማ መርካቶ፣ ጨርቅ መሸጫዋ ላይ ናት። አባዬ እንቅልፍ ወስዶታል። ላፕቶፑን ከፈትኩና አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። የሰው ደም በቺፑ ውስጥ ሲሄድ ያሳያል። ሲያምር! ቀይ ነጠላ በቀለበት ውስጥ ሲሾልክ በሉት። ታዲያ የኔስ ደም ምን አነሰው?

መርፌው የእማዬ የስፌት መርፌ ነው፣ በአልኮል ጠርጌዋለሁ። ጣቴ የግራ ቀለበት ጣቴ ናት፣ ሥራ ፈት ስለሆነች። ቱቦው አጠረኝ። ሮቶዋ ዝም ብላ ቦታ የያዘች ስለመሰለችኝ ከመሃል አወጣኋትና ቱቦውን በቀጥታ ሰካሁት። ቺፑ አፍ ላይ ጠብታ አደረግኩ። ፓምፑን አበራሁ።

ደሜ ገባ። ትንሽ ሄደና እንቅ አለ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ እንቅ። ወደኋላ ሁሉ መለስ ይላል፣ ዕቃ ረስቶ እንደሚመለስ ሰው። ከዚያ እየዘገየ መጣ። የቦዩ ዳር ላይ የጎመን ዘር የመሰለ ጥቁር ጥቁር ነገር ተያያዘ። ከዚያ ቆመ።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። አልሄደም።

ሁሉን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ሮቶዋንም። አሁን አልጋዬ ላይ ነኝ። ደሜ ስቅታ ይዞታል። ይረጋልም። የአባዬ ልጅ አይደለሁ!

ለማንም መንገር አልችልም። ስለ ደሜ ብጠይቅ "ደምሽን ደግሞ የት አየሽው?" መባሌ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት አንገቴ ላይ ጣቴን አድርጌ ትርታዬን አዳመጥኩ። ትንፋሽ ስስብ ይፈጥናል፣ ሳወጣ ይዘገያል። የተዛባ ማለት ይኸው አይደል? ያ ረቢ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ደገምኩት፤ እንዲያውም ይባስ ብሎ ጋለበ። መተንፈስም አለመተንፈስም የማይስማማት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ።

የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። "ቲቸር፣ የሰው ደም ቆም ቆም ሊል ይችላል?"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "የስንተኛው ምዕራፍ ጥያቄ ነው?"

"ምዕራፍ የለውም ቲቸር፣ እንዲሁ ነው።"

"ምዕራፍ ከሌለው የሚቀጥለው ዓመት ትደርሺበታለሽ።"

የሚቀጥለው ዓመት መድረሴን ማን ነገራቸው?

ቤት ስገባ ሰሚራ ቀውጢ ፈጥራለች። "ማነው የነካው? ቺፔን ማነው የነካው?" በሚቀጥለው ሳምንት ለፈታኞቿ የምታሳየው እሱኑ ነው። እማዬ በጨርቅ አቧራ ከመጥረግ በቀር እንዳልነካች ማለች። እኔ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ማንም ሳያዘኝ! ይህ ብቻ ሊያስይዘኝ ይገባ ነበር። እግዜር ይስጣቸውና ትልልቅ ሰዎች ሲናደዱ ዓይናቸው አያይም።

ጥርጣሬው ቢንያም ላይ ወደቀ። ቢንያም የሰሚራ የላቦራቶሪ ጓደኛ ነው፤ ማክሰኞ የቻርጀር ገመዱን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ደወለችለት። "ወላሂ ቢኒ፣ ካንተ ሌላ የገባ ሰው የለም!" የሱ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ኩሽና ድረስ ይሰማል፦ "በእናትሽ፣ እኔ ገመዴን ነው የወሰድኩት!"

"ታዲያ ይሄ የረጋ ደም ከየት መጣ?" አለች።

"የረጋ ደም" እኛ ቤት የሚጠራ ነገር አይደለም። እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ መስኮቱን አየ። ሰሚራ ስልኩን ዘግታ ወጣች።

እኔ ሽንኩርቱን እየላጥኩ አለቀስኩ። ለአንዴ እንኳ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሃጂ ከማል ለጁምዓ መጡ። ገና ከበር "ፍራሼን ማን አስነሣት?" አሉ። ሰሚራ ቺፑን አሳየቻቸው። አንስተው በፀሐይ አዩአት፣ ገለበጧት፣ አሸተቷት።

"ይቺን ለመሥራት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? ከቡና ፍሬ መች በለጠች?"

"ሃጂ፣ ልብ ናት እኮ። የልብን ሥራ ነው የምትሠራው።"

"ልብ ካላት ለሽማግሌ ትዘን። ፍራሼን ትመልስልኝ።"

ሃጂ የማያውቁት በሽታ የለም። ያላዳኑት ግን ብዙ ነው። ቢሆንም የቸገረው ሰው ይጠይቃል። ምሳ ላይ ጠጋ ብዬ፣ ለሌላ ሰው እንደሚጠይቅ አድርጌ፣ "ሃጂ፣ የልጅ ደም ይረጋል እንዴ?" አልኳቸው።

"ኤዬ! ደም የሚያረጋው ሦስት ነገር ነው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉና አምስት ቆጠሩ፦ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ፣ ስልክ ማፍጠጥ፣ የፍሪጅ ውሃ፣ ማካሮኒ፣ በታላላቅ ላይ መሳቅ። አምስቱንም በዚህ ሳምንት አድርጌአለሁ። የመጨረሻውን እያወሩኝ እያደረግኩት ነበር።

"መድኃኒቱስ?"

"አንዲት በቅሎ ነበረችኝ" ብለው ጀመሩ። የበቅሎዋ እግር አበጠ፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ቀቡላት፣ ሰባት ቀን አስተኟት። ወንዙን፣ የመንደሩን ሰው፣ የበቅሎዋን እናት ሳይቀር ተረኩልኝ። ሩዙ ቀዘቀዘ።

"ከዚያስ ሃጂ?"

"ከዚያማ ሞተች።"

እንግዲህ ምን ላድርግ። እማዬ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለአባዬ ክኒን ትሰጠዋለች፤ "ደሙን ታቀጥነዋለች፣ እሷ ናት ያቆየችልን" ትላለች። ክኒኖቹ ኮሞዲኖው ላይ ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ከአባዬ የወረስኩት በሽታ ከሆነ መድኃኒቱንም ከአባዬ ነው የምወርሰው። ሒሳቡ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ሁሉም ሃጂን ሊሸኙ ሲወጡ ሁለት አነሣሁ። አንዱን ዋጥኩ። አንዱን ለክፉ ቀን ካልሲዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ጣዕም የለውም። ከዋጥኩት በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አየሁ። ያው ነኝ። ትንሽ የቀጠንኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከእማዬ ጋር የቡ፣ ሃጂ ዘንድ፣ ቡና ለቀማ ሄድን። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ለሃጂ የዘመድ ግዴታችን ነው። ክፍያው ምሳና ምክር ነው። ምክሩ ይበዛል።

ረፋድ ላይ ቅርጫቴን ይዤ ሳልፍ የአጥሩ እሾህ እጄን ቧጨረኝ። ደማ። ሌላ ጊዜ ልሼው አልፍ ነበር። ዛሬ ግን ቅርጫቴን አስቀመጥኩ። ትላንት የደም ማቅጠኛ የዋጠ ሰው ነኛ! ከረቡዕ ጀምሮ ደሜ ይቆማል ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ፤ ዛሬ አይቆምም ብዬ ፈራሁ። አንድ ደም ሁለት ዓይነት ሞት ሲያስፈራራኝ።

ቡና ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። በቅጠል ጠረግኩት፣ ደማ። ትንሽ ቆይቼ ቆመ እንደሁ ለማየት ጠረግኩት፣ ደማ። እንደገና ጠረግኩት። ሃጂ በላዬ ቆመዋል።

"እጅሽ ላይ ጥሬ ቡና በቀለ እንዴ? ምን እያየሽ ነው?"

"አልቆም አለኝ ሃጂ።"

"በየደቂቃው እየቀሰቀስሽው እንዴት ይተኛ? ተይው!" አሉና በራሳቸው መሐረብ ጥፍር አድርገው አሰሩልኝ። መሐረቡ በምን እንደተሞላ ባልናገር ይሻላል። ትንሽ ቆይቶ ስፈታው ደርቋል። የሃጂ ሕክምና ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለማንም አልናገርም።

ከሰዓት የተለቀመውን ይዘን ወደ ማጠቢያው ወረድን። እዚያ ሞተር ፓምፕ ከወንዙ ውሃ እየሳበ ኮረብታው ላይ ወዳለው ገንዳ ይገፋል። ከገንዳው ደግሞ በቦይ ወደ ቡናው ይወርዳል። ቅርጫቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ እባብ እንደያዘው ይዘላል፤ እንቅ፣ እንቅ፣ እንቅ። ከገንዳው የሚወርደው ግን እንደ ዘይት ነው። ያው ውሃ! ያው ወንዝ!

ገንዳው ስቅታውን ይውጠዋል ማለት ነው። የጓሯችን ሮቶም እንደዚያ ነው፤ የመንገዱ ቧንቧ ሲያስል የኛ ማጠቢያ ገንዳ ጋ ሳሉ አይደርስም። እኔስ ረቡዕ ዕለት ከቱቦው መሃል ያወጣሁት ምኑን ነበር?

ሮቶዋን!

ደሜ ላይ ስቅታ የለም። ስቅታው የፓምፑ ነው። የሰሚራን ፕሮግራም አልከፈትኩ፣ ሮቶዋን አውጥቻለሁ፤ የማንም ደም ይሁን እንቅ ማለቱ አይቀርም ነበር። ከደስታዬ ብዛት ሃጂን አቀፍኳቸው። "ማል ተኤ? ምን ተፈጠረ?" አሉ ደንግጠው፣ ወዲያው ኪሳቸውን ዳሰሱ።

ሚኒባስ ውስጥ ግን ደስታው ግማሹ ተነነ። ስቅታው የፓምፑ ነው፣ እሺ። መርጋቱስ? ያንን ጥቁር ነገር ፓምፑ አልጨመረበትም። ቪዲዮው ላይ ያለው ደም አልረጋም። የኔ ረጋ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የዛሬውን በአንድ ትንፋሽ ካልጻፍኩት አልችልም።

ሰሚራ ቺፑን ልታድነው ተቀምጣለች። በረኪና በውሃ አቅጥና በቦዩ ውስጥ ቀስ እያደረገች ታሳልፋለች። ቢንያም ስሙን ሊያጸዳ በአካል መጥቷል። ሽቶው ከበረኪናው ጋር ተጋጥሞ ቤቱ አያስቀምጥም። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ነገር እየሟሟ፣ እየተሸረፈ ይሄዳል።

"ይሄ ደግሞ መድኃኒት ያልገባበት ደም ነው" አለ ቢንያም። "እኛ የምንጠቀመው እንዳይረጋ መድኃኒት ተጨምሮበት ነው። እኔ ብሆን ይህን እረሳለሁ? ስደቢኝ ግን በዕውቀቴ አትምጪብኝ!"

"የመጣሁት በሽቶህ ነው" አለች ሰሚራ። ግን ቀዝቅዛለች።

በር ላይ እንደቆምኩ ጠየቅኩ። "መድኃኒት ካልገባበት የጤነኛ ሰው ደምም ይረጋል?"

"ጤነኛ ስለሆነ ነው የሚረጋው! ከሰውነት ወጥቶ ባይረጋማ ኖሮ ጣትሽን በተወጋሽ ቁጥር ሆስፒታል ይዘንሽ እንሮጥ ነበር" አለች ሰሚራ።

"ጣቴን?"

"ለምሳሌ ነው። ምን ሆነሻል አንቺ ሰሞኑን?"

"ትንፋሽ ስስብ ልቤ የሚፈጥነውስ?"

"የሁሉም ልጅ ልብ እንደዚያ ነው። ያንቺ ምላስ ግን ከልብሽ ቀድሞ ነው የሚሮጠው፤ እሱ ያሳስበኛል።"

አልሐምዱሊላህ! አልታመምኩም። ደሜ የሠራው ደም የሚሠራውን ነው። ጓሮ ሄጄ ሮቶውን ሳምኩት፤ የእውነት ሳምኩት፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ከዕቃ ዕቃ የሚሳም ይሄ ነው።

ይህን ደስታ ይዤ ስገባ እማዬ የብስኩት ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

"ሁለት ጎድሏል" አለች። "እስከ ረቡዕ እንዲያደርሰው ነበር ያሰላሁት፤ አዲሱ የሚመጣው ረቡዕ ነው ብለውኛል። ሁለት ጎድሏል ሰሚራ። ደርቤ ሰጥቼዋለሁ። ደክሞኝ፣ ተዘናግቼ፣ ሁለት ቀን ደርቤ ሰጥቼዋለሁ!"

ሐኪሙ ስለ ክኒኑ ያለው ትዝ ይለኛል፦ ቢያንስ ይረጋል፣ ቢበዛ ይደማል፣ ልክ ልኩን ብቻ። እማዬ አባዬን መብራት ሥር አቁማ ድዱን አየች፣ ክንዱን ገልጣ በለዝ ፈለገች። አባዬ እንደ ሕፃን እጁን ዘረጋላት። "ምንም የለውም እማዬ" አለች ሰሚራ። እማዬ ግን አልሰማችም። "ሐኪም ሳልጠይቅ የዛሬውን አልሰጠውም። በላዩ ላይ ብጨምርበትስ?"

አልሰጠችውም። በኔ ምክንያት አባዬ ዛሬ ክኒኑን አልዋጠም።

ንገሪ፣ አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ። እማዬ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። አፌን ዘጋሁ።

እስከ ትላንት የፈራሁት ለኔ ነበር፤ ያ ፍርሃት አሁን ጨዋታ ይመስለኛል። አባዬን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር እኔ ነኝ እንቅ የምለው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

እማዬ ጠዋት ሆስፒታል ሄደች። ተሰልፋ አርፍዳ ሐኪሙ ነገ ነው የሚገባው ተብላ ለምሳ ተመለሰች። እዚያ ያለችው ነርስ "ቤታችሁ ክኒኑን የሚወስድ ሌላ ሰው የለም?" ብላ ጠይቃት ነበር። እማዬ "ማን ይወስዳል፣ ትንሽ ልጅ እንኳ የለንም፣ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው" አለቻት። ይህን ምሳ ላይ ስትነግረን እኔን እያየች ነው፤ በኩራት።

መሬት አልተከፈተችም። ጠብቄአት ነበር።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚሁ ሰፈራችን ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያው የአባዬን ጉዳይ ያውቃል።

"ጤነኛ ፍጡር የደም ማቅጠኛ አንድ ክኒን ቢውጥ ምን ይሆናል?"

"የምን ፍጡር?"

"ድመት።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ድመቷ ስንተኛ ክፍል ናት?"

ዓይኔን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

"መቼ ዋጠች?"

"ዓርብ። አንድ ብቻ።"

"ድዷ ይደማል? ነስሯታል? የበለዘ ነገር አላት?"

"የላትም።"

"አንዷ ብዙም ላትጎዳት ትችላለች። ግን ሐኪም ይያት። ደግማ እንዳትነካ፣ ይሄ ክኒን ቀልድ አያውቅም። ዋናው ግን እሷ አይደለችም። ክኒኑ የጎደለበት ሰው መጠኑ መቋረጥ የለበትም። ድመቷ ዛሬውኑ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ለቤተሰቦቿ ትንገር። ካልነገረች እኔ ለእናቷ እደውላለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነዒማ፣ አባትሽ ናቸው" አለኝ።

መንገዱን ሁሉ የምለውን እያዘጋጀሁ መጣሁ። "እማዬ፣ አትቆጪኝና" ብዬ እጀምራለሁ። አይሆንም፣ "አትቆጪኝና" ከተባለ ቁጣው ከፊት ይቀድማል። "እማዬ፣ ደርበሽ አልሰጠሽውም" ብል ይሻላል። አዎ። ከኔ ሳይሆን ከሷ ልጀምር።

ቤት ስደርስ እማዬ ኩሽና ከጎረቤት ጋር ናት። ሰሚራ ላቦራቶሪዋ ውስጥ፣ በሩን ዘግታ። ፓምፑ ይሰማኛል፤ ዛሬ ድምፁ ጤነኛ ነው፣ ረጋ ያለ።

አባዬ ወንበሩ ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተኝቷል። ኮሞዲኖው አጠገቤ ነው። ቆርቆሮው ጭኔ ላይ ነው፣ ይህን ደብተር በላዩ ላይ አድርጌ እየጻፍኩ ነው፣ የቤት ሥራ እንዲመስል። ካልሲዬ ውስጥ ያለችው ክኒን አሁን እጄ መዳፍ ላይ ናት። ላቧ ይሁን ላቤ አላውቅም፣ ርሳለች።

የፈሪ ዕቅድ አለኝ። ይቺን ብመልሳት እማዬ ስትቆጥር አንድ ብቻ ጎድሎ ታገኛለች። "ተሳስቼ ነው የቆጠርኩት" ትላለች፤ አንዷን ደግሞ ወለል ላይ ወድቃ ነው ትላለች። ዛሬ ትሰጠዋለች። እኔም አልያዝም። ጎረቤቷ ልትወጣ ተነሥታለች፣ ጫማዋን ስትፈልግ እሰማለሁ። ወይ አሁን እመልሳለሁ፣ ወይ አሁን እናገራለሁ።

የፋርማሲው ሰውዬ ከመግሪብ በፊት ብሎኛል። አዛኑ ሊል ነው።

ክዳኑን ከፈትኩት። ቆርቆሮ መሆኑን ረስቼ፤ ቿ አለ።

አባዬ ነቅቷል። እጄን እያየ ነው። ክኒኗን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየኝ። ግራ እጁን ከወንበሩ አነሣ፣ ወደኔ። አፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ውሃ ሲፈልግ "ው" ነው የሚለው። እኔን ሲጠራኝ ከታመመ ወዲህ "አን" ብቻ ነው፣ አንቺ ማለቱ ነው፤ ስሜ ይከብደዋል። አሁን ግን "አን" አላለም። ግንባሩ ላይ ደም ሥሩ ተገትሯል። እማዬም ከኩሽና ሰምታዋለች፣ እግሯ እየመጣ ነው።

"ነ" አለ። ቆም አለ። "ዒ።"

ደግሞ ቆመ። እኔም አብሬው ትንፋሼን ያዝኩ።

"ማ።"